«ራስ ክምር» የትኛው ነው? በአንኮበር መንገድ ስላየሁት ብርቱካንማ አበባ

ለአንድ የውይይት መድረክ ያቀረብኩት ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር። በጥቅምት ወር ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስንጓዝ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ የድንጋይ ካብ ተጠግቶ የቆመ አንድ ተክል አየሁ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። አገዳው ቀጥ ብሎ ይወጣና በየስንዝሩ አንድ አንድ ድቡልቡል ነገር ሰክቷል፤ ከየድቡልቡሉ ዙሪያ ደግሞ ብርቱካንማ፣ ጠጉራም፣ ጫፋቸው ጎበጥ ያለ ቱቦ መሰል አበቦች ፈንድተዋል። አገዳውን በሁለት ጣቴ ስይዘው ክብ ሆኖ አላገኘሁትም፤ አራት ማእዘን ነው። ከትምህርት ቤት በቀረችኝ ጥቂት እውቀት የናና ቤተሰብ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። አንዲት ዘለላ ቆርጬ ጋዜጣ መካከል አስገባኋት፤ ሁለት ፎቶግራፍ አያይዤም ስሙን የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲነግረኝ ጠየቅኩ። የጠበቅኩት አንድ ቃል ነበር። የመጣው ከ30 የሚበልጥ ምላሽ ነው። እነሆ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል፣ በራሴ አነጋገር አቀርባቸዋለሁ፤ ፍሬ ያላገኘሁባቸውን ዘልያለሁ።

1ኛውን ምላሽ የሰጡኝ የመንዝ ሰው መሆናቸውን የገለጹ አንድ አባት ናቸው። ከረጅም ሰላምታ በኋላ ተክሉ ራስ ክምር እንደሚባል፣ ስሙም ራስ በራስ ላይ የተከመረ ስለሚመስል እንደወጣለት አስረዱ። ልጅ ሳሉ በአጥር ዳር የማይጠፋ እንደነበርና የደረቀው አገዳ ከነድቡልቡሉ እስከ በጋው መጨረሻ ቆሞ እንደሚቆይ ጨመሩ። ጉዳዩ በዚሁ ያለቀ መስሎኝ አመሰገንኩ።

በ2ኛው ምላሽ አንድ የጎጃም ሰው በትሕትና ገብቶ፣ እርሱ ባደገበት ቀበሌ ይህ ተክል የፈረስ ዘንግ እንጂ ራስ ክምር እንደማይባል ገለጸ። አልተከራከረም፤ ሁለቱም ስም ሊኖር ይችላል ብሎ አለፈ።

3ኛው ግን የመጀመሪያዋን ትንሽ እሾህ ይዞ መጣ። ጸሐፊው የእርሻ ባለሙያ ይመስላል። ራስ ክምር በጤፍና በማሽላ ማሳ ውስጥ የሚበቅል፣ አበባው ነጭና ደቃቅ የሆነ፣ በየዓመቱ ከዘር የሚነሳ አረም መሆኑን፣ ይህንንም ስም በየአረም መጽሐፉ ሲያነበው እንደኖረ ገለጸ። ከዚያም ብርቱካንማውን ራስ ክምር ማለት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ገበሬውን ማደናገር ነው ብሎ ደመደመ። የመንዙን አባት በስም ባይጠራም፣ ከከተማ ሆኖ ስለ አረም ማውራት ቀላል እንደሆነ ጣል አድርጓል። አባትዬው ከተማ ስለመኖራቸው አንድም ቦታ አልጻፉም ነበር።

4ኛዋ መልስ ሰጪ ስም ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ውይይቱን ያቀናችውም እርሷ ናት ብል አላጋነንኩም። በፎቶግራፍ ብቻ መፍረድ እንደማትወድ ገልጻ አምስት ነገር እንድመለከት አዘዘችኝ፤ የቅጠሎቹን አቀማመጥ፣ የቅጠሉን አንገት ርዝመት፣ አበባውን ከሥር የሚያቅፈውን አረንጓዴ ዋንጫ፣ የአበባውን ከንፈሮች፣ በመጨረሻም የተክሉ ሥር እንጨት የሆነ መሆን አለመሆኑን። «ወንድሜ» ብላ ነው የጻፈችልኝ። እኔ እህት ነኝ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ማረሙ ነገሩን የሚያዘገይ ስለመሰለኝ ዝም አልኩ።

5ኛው ምላሽ የራሴ ነው። ከጋዜጣው መካከል ያቺን ዘለላ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ጥንድ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ከሆነ ቀጣዩ ጥንድ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዞራል። ጠርዛቸው ጥርሳም ነው፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር በለስላሳ ጠጉር ምክንያት ግራጫ ይመስላሉ። ድቡልቡሉ ነገር አንድ አበባ አይደለም፤ በቅጠሎቹ ብብት ዙሪያ የተጨናነቁ ብዙ ዋንጫዎች ናቸው። አንዱን ዋንጫ በመርፌ ነጥዬ ጥርሶቹን ስቆጥር 8 ሆኑ፤ ሲደርቁ ጫፋቸው ጣት ይወጋል። አበባው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የላይኛው ከንፈር ረጅም፣ ወደ ፊት የጎበጠ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ በብርቱካንማ ጠጉር የተሸፈነ ሲሆን፣ የታችኛው ከንፈር ግን ሦስት ትንንሽ ምላሶች ያሉትና ቶሎ የሚጠወልግ በመሆኑ መጀመሪያ ያለ አይመስልም። በላይኛው ከንፈር ሥር አራት የወንዴ ክሮች ተደብቀዋል። ሥሩን ግን አልነቀልኩም፤ ከካቡ አጠገብ ያለው የግንዱ ክፍል እንጨት እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። ይህን ሁሉ ጻፍኩ።

6ኛው ምላሽ አጭር ነበር። አገዳው አራት ማእዘን ከሆነ፣ ቅጠሉም ጥንድ ከሆነ የናና ቤተሰብ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ኮሰረትም እንዲሁ ነውና ዘመዳሞች ናቸው አለ።

ይህች አጭር ምላሽ ብዙ ሰው አስነሳች። 7ኛው ኮሰረት የናና ቤተሰብ አለመሆኑን፣ ሊፒያ ከሚባለው ወገን እንደሆነና በቨርቤና ቤተሰብ እንደሚመደብ አስረዳ። ሽታውም፣ ጥንድ ቅጠሉም፣ ማእዘናማ አገዳውም ከናና ቤተሰብ ጋር ያመሳስለዋል፤ ሆኖም የዘር ማኅደሩን ከፍቶ የሚያይ ሰው ልዩነቱን ያገኘዋል። በናናና በአብዛኞቹ ዘመዶቿ የዘር ማኅደሩ በጥልቀት ለአራት ተከፍሎ የእንስቷ ዘንግ ከአራቱ መካከል ከሥር ትነሣለች፤ በቨርቤናዎቹ ግን ዘንጊቱ ከጫፍ ትወጣለች። 8ኛው በነገሩ ተደንቆ ጤና አዳምም እንዲሁ ሽታ ስላለው ዘመድ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ፤ 9ኛው ጤና አዳም የሎሚና የብርቱካን ዘመድ መሆኑን ነገረው። 10ኛው ግን ከሁሉም የበለጠ ያሳቀኝ ነው። አራት ማእዘን አገዳ ብቻውን ምስክር ይሆናል የሚል ሰው ጓሮው ገብቶ ባቄላ ይዳብስ አለ። እውነቱን ነው፤ የባቄላ አገዳ አራት ማእዘን ነው፤ ይሁን እንጂ ቅጠሉ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ፍሬውም ሌላ ነው። ዕድሜ ልኬን ባቄላ እሸት በልቻለሁ፤ አገዳውን አንድ ቀን አስተውዬው አላውቅም።

በ11ኛው ምላሽ አንድ ወጣት ፎቶግራፌን በስልኩ መተግበሪያ ፈትሾ ውጤቱን አመጣ። መተግበሪያው ሊዮኖቲስ ሊዮኑረስ ብሎታል። ወጣቱ ውይይቱ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ፤ ሽማግሌዎች ሲጨቃጨቁበት የዋሉትን ማሽን በሁለት ሰከንድ ፈታው የሚል ዝንባሌም ነበረው።

12ኛዋ በካሊፎርኒያ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ናት። ሊዮኖቲስ ሊዮኑረስ እርሷ ባለችበት ከተማ በየችግኝ መሸጫው የሚገኝ፣ በየመንገዱ ዳርም ለጌጥ የሚተከል ስለሆነ በሚገባ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ስታየው የአገሯን አበባ ያገኘች መስሏት ገዝታ ተከለችው፤ እናቷ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ በሄዱ ጊዜ ግን ቅጠሉን ዳብሰው የእኛ እንዳልሆነ ነገሯት። የዚያኛው ቅጠል ቀጭንና ረጅም፣ እንደ ጦር የሾለ ነው፤ በእኔ ፎቶግራፍ ላይ ያለው ግን ሰፊና ጥርሳም ነው። አገሩም ደቡብ አፍሪካ ነው። እኒህ እናት ያለ መተግበሪያ ያዩትን ልዩነት ካነበብኩ በኋላ መተግበሪያው ለምን እንደተሳሳተ አሰብኩ፤ በዓለም ዙሪያ በየጓሮው የተተከለ አበባ ሺሕ ጊዜ ፎቶ ይነሣል፤ በአንኮበር ካብ ሥር የበቀለውን ግን ማን ያነሣዋል?

13ኛው ምላሽ የዚያችው የ4ኛዋ ጠያቂ ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ የቆየችው መጽሐፍ ስታገላብጥ ኖሯል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር የሆነው ትልቁ ሥራ 5ኛ ቅጽ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው፣ የናናን ቤተሰብ የያዘ ነው፤ ይህንን ክፍል ያዘጋጁት ኡሎፍ ሪዲንግ ናቸው። ከዚያ በመነሣት የእኔ ተክል ሊዮኖቲስ ኦሲሚፎሊያ መሆኑን ወሰነች። ሊዮኖቲስ ማለት በግሪክኛ የአንበሳ ጆሮ ማለት ነው፤ ያ ጠጉራም የላይኛው ከንፈር ነው እንዲህ ያሰኘው። ኦሲሚፎሊያ ደግሞ ቅጠሉ በሶብላን የሚመስል ማለት ነው። ቀደም ባሉ ጽሑፎች ይኸው ተክል ሊዮኖቲስ ቬሉቲና ተብሎ ሊገኝ እንደሚችልም አስጠነቀቀች።

ማብራሪያዋ በዚህ አላበቃም። በአገራችን ሌላም ሊዮኖቲስ አለ፤ ሊዮኖቲስ ኔፔቲፎሊያ። እርሱ የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ ዘር ጥሎ ይደርቃል። ድቡልቡሉ ይተልቃል፤ ዋንጫው በጣም ይዋጋል፤ የላይኛው ጥርሱም ከሌሎቹ በግልጽ ይረዝማል። ቅጠሉ ስስ፣ የቅጠሉም አንገት ረጅም ነው። የሚገኘውም ይበልጡን ሞቃት በሆነው ዝቅተኛ አገር፣ በተቆፈረና በተረበሸ መሬት ላይ ነው። የእኔው ግን ሥሩ እንጨት፣ ቦታው ደጋ፣ ድቡልቡሉም መጠነኛ ነው። ስለዚህ ወሳኙ ያልነቀልኩት ሥር ሳይሆን ያስታወስኩት የግንዱ እንጨትነት ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻም 5ኛውን ምላሽ ስታነብ እህት መሆኔን ከአጻጻፌ መረዳቷን ገልጻ ይቅርታ ጠየቀች። ከምኑ እንደተረዳች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከ14ኛው እስከ 16ኛው ያሉት ወደ ልጅነት ወሰዱን። አንዱ አበባውን ከዋንጫው መዝዞ ከኋላው ያለውን ጣፋጭ ሲመጥ ማደጉን፣ አንዳንዴም ከጣፋጩ ጋር ጉንዳን እንደሚገባበት ተረከ። ሌላዋ አበባው ላይ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚያንጸባርቅ፣ ጅራቱ የረዘመ፣ መንቆሩ ቀጭንና ቆልማማ የሆነ ወፍ ሲያንዣብብ ማየቷን ጻፈች። 16ኛው ያ ወፍ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመው፣ በደጋው አገራችን የሚኖረው አበባ ቀሳሚ ወንዱ መሆኑን ነገራት፤ የአበባው ጉብጠትና የመንቆሩ ቆልማማነት እንዲሁ የተገናኙ አለመሆናቸውንም አብራራ። ወፉ መንቆሩን ወደ ቱቦው ሲሰድ በላይኛው ከንፈር ሥር የተደበቁት ክሮች ግንባሩን ብናኝ ይቀቡታል፤ ያንን ይዞ ወደ ሌላው ተክል ይሄዳል። የታችኛው ከንፈር ለምን እንደሚጠወልግ የገባኝ ይህን ጊዜ ነው። ንብ የምታርፍበት መደብ ያስፈልጋታል፤ ይህ ወፍ ግን አገዳውን ይዞ ስለሚቆም የአበባው ምላስ አያስፈልገውም።

ክርክሩ የከረረው ከ17ኛው ጀምሮ ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ የላቲን ስም ምን አመጣው፣ አባቶቻችን ያወጡት ስም እያለ የፈረንጅ ስም ማምለክ ነው ብሎ ተነሣ። ጦስኝን ሳይቀር ቲመስ ሺምፐሪ ብለው በባዕድ ሰው ስም ጠርተውታልና ይህ ዘረፋ ነው አለ። 18ኛው፣ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከጀርመን መጥቶ አድዋ አካባቢ የኖረ፣ ከአገሬው ተዋልዶ እ.ኤ.አ. በ1878 እዚያው የሞተ ዕፅ ሰብሳቢ መሆኑን አስታውሶ፣ ዕድሜውን እዚህ ለጨረሰ ሰው አንድ የጦስኝ ስም ቢደርሰው አይበዛበትም ሲል መለሰ። 17ኛው በ19ኛው ተመልሶ መጣ፤ ስድቡን አልደግመውም። በሐሳቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ለሺምፐር ስንቱን ዕፅ እየመሩ ያሳዩት፣ ስሙንና ጥቅሙን የነገሩት ያገሬው ሰዎች በየትኛውም የላቲን ስም ውስጥ የሉም። ይህን በጨዋ ቃል ቢጽፈው ብዙዎቻችን እንስማማለን።

20ኛው ምላሽ የራስ ክምርን ቅጠል አፍልቶ ለሆድ ሕመም መጠጣት ፍቱን መሆኑን፣ በቤተ ዘመዱም ሲሠራበት መኖሩን መከረ። መጠኑንም በብርጭቆ ለክቶ ሰጠ።

21ኛዋ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ መሆኗን ገልጻ በቁጣ መለሰች፤ በዚህ ሁሉ ውይይት ያነበብኩት በጣም ኃይለኛው ምላሽ የእርሷ ነው። በአንድ በኩል ራስ ክምር ብርቱካንማው ነው የሚሉ አሉ፤ በሌላ በኩል ነጩ አረም ነው የሚል አለ፤ እንግዲህ 20ኛው ለሕዝብ የሚያጠጣው የትኛውን ነው? ሁለት የተለያዩ ተክሎችን በአንድ ስም እየጠሩ ብርጭቆ መለካት ወንጀል ነው አለች። 20ኛው በ22ኛው ቁጥር አያቱ እርሷ ከተማረችበት ዓመት የሚበልጥ ዘመን መድኃኒት ማደላቸውን ጻፈ። እርሷ በ23ኛው፣ አያቱ ተክሉን በእጃቸው ነቅለው በዓይናቸው አይተው እንጂ በስሙ ብቻ ከሰው ተቀብለው አልቀመሙም ብላ መለሰችለት። ከዚህ በኋላ 20ኛው አልተመለሰም። ሁለቱም ሳያውቁት አንድ ነገር ይናገሩ እንደነበር ይሰማኛል። ዳማከሴን ለምች የሚጨምቅ ሰው ቅጠሉን አሽትቶ ነው የሚጨምቀው፤ በስም ብቻ አያምንም።

የመድረኩ ተቆጣጣሪ በ24ኛው ቁጥር ሁሉም ወደ አበባው እንዲመለስ አሳሰበ። መመለሱ ግን ቀጥታ አልሆነም፤ አንድ ሰው መሃል ገብቶ አደይ አበባም ከዚሁ ቤተሰብ ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ እርሷ የሱፍና የኑግ ዘመድ መሆኗ ተነግሮት አመስግኖ ሄደ። ሌላዋ ደግሞ የኦሮሞ ድንች አበባ ሐምራዊ ሆኖ ሁለት ከንፈር እንዳለውና አገዳውም ማእዘናማ እንደሆነ አስተውላ ጠየቀች። የናና ቤተሰብ እንደሆነ ሲነገራት ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። ከናና ቤተሰብ ቅጠል ማሽተት እንጂ ከሥር ቆፍሮ መብላት ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

27ኛውን የጻፉት ከትግራይ የሆኑ ንብ አናቢ ናቸው፤ አማርኛቸው የተመረጠ ነው። የትግራይን ነጭ ማር ከሚሰጡት አበቦች ሁለቱ የዚሁ ቤተሰብ መሆናቸውን ነገሩን። አንዱ በትግርኛ ተበብ፣ በአማርኛ መንጠሴ የሚባለው የበሶብላ ዘመድ ነው። ሁለተኛው ስዋ ቃርኒ የሚሉት ነው፤ ይህም ሊዩካስ ከሚባለው ወገን ነው። የ3ኛው መልስ ሰጪ ነጭ አረምም ሊዩካስ ማርቲኒሴንሲስ ይባላል፤ ሊዩካስ ማለት ነጭ ማለት ነው። እኒህ ሰው በእርጋታ አንድ ጥያቄ ጥለው ሄዱ፤ ብርቱካንማውና ነጩ በአንድ ስም መጠራታቸው ስሕተት ከሆነ፣ ሰው ለምን ሌሎችን ትቶ እነዚህን ሁለቱን አሳሳተ?

መልሱን በ28ኛው ያመጣችው ያችው መጽሐፍ አገላባጭ ናት፤ እኔም ከሁሉም ይበልጥ የወደድኩት ይህን ነው። የናና ቤተሰብ በዓለም ላይ 7,000 ያህል ዝርያዎች ያሉት ሰፊ ቤት ነው፤ በውስጡም ጎራ አለው። ናና፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ዳማከሴና የጥብስ ቅጠል በአንደኛው ጎራ ናቸው፤ የሽታ ዘይት የበዛው በዚህ ወገን ነው። የእኔ ብርቱካንማና የ3ኛው ነጭ አረም ግን በሌላው ጎራ፣ ያውም በአንድ ነገድ ውስጥ ናቸው። በዘረ መል የተደረጉት ጥናቶች ሊዮኖቲስ ከሊዩካሶች ጋር እጅግ የተቀራረበ፣ እንዲያውም ከመካከላቸው የወጣ መሆኑን አሳይተዋል። እናቶቻችን የማድጋና የጋን ማጠኛ ያደረጉት ጥንጅትም የዚሁ ነገድ ነው፤ ቀድሞ ኦቶስቴጂያ ይባል የነበረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሪዲንጂያ የተባለ አዲስ የወገን ስም ወጥቶለታል። ስሙም የተወሰደው ከእኒያው የቤተሰቡን ክፍል ከጻፉት ሪዲንግ ነው። እንግዲህ ራስ ክምር የሚለው ስም ባይለይም አልዋሸም። አበቦቹን በየአንጓው የሚከምር ተክል ሁሉ ራስ ክምር ነው ያለው ገበሬ፣ ሳይንሱ ዘግይቶ ያረጋገጠውን ዝምድና በቅርጽ ብቻ ይዞታል። 17ኛው ይህን አንብቦ ምን እንዳለ ማወቅ እፈልግ ነበር፤ እርሱ ግን ከወጣ ቆይቷል።

3ኛው መልስ ሰጪ በ29ኛው ቁጥር ሳይጠበቅ ተመለሰ። ከማሳ ዳር ያነሣውን የነጩን አረም ፎቶግራፍ ከእጁ መዳፍ ጋር አቅርቧል። ትክ ብዬ አየሁት። አገዳው ቀጭን ነው፤ ቁመቱ ከጉልበት ብዙ አያልፍም። ድቡልቡሎቹ ግን እንደ መቁጠሪያ ፍሬዎች ተራርቀው በአገዳው ላይ ተሰክተዋል፤ ከዋንጫው ጥርሶች የላይኛው ረዝሟል፤ አበባው ደቃቅ፣ ነጭ፣ የላይኛው ከንፈሩም ነጭ ጠጉር ያለበት ነው። ብርቱካንማውን አሳንሰው በኖራ የቀቡት ይመስላል። ሰውዬው በአቋሙ ጸንቶ፣ ለአረም ሥራ ስሙ ለነጩ ብቻ ቢቀር እንደሚሻል ጻፈ፤ የመንዙን አባት ግን በ«እርስዎ» ጠርቶ ከሕፃንነት ስማቸው እንዲላቀቁ መጠየቅ እንደማይችል አከለ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። አባትዬው «ይመስገን» ማለታቸውን ብቻ ያየሁት በ30ኛው ነው።

31ኛው፣ ዘለላዋ ገና በእጄ ካለች አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ማኅደር ካሉት የደረቁ ናሙናዎች ጋር እንዳመሳክራት መከረኝ። ዕፅ ተጠፍጥፎ ደርቆ፣ በወረቀት ላይ ተሰፍቶ ከነመለያው እንደሚቀመጥ፣ መለያ የሌለው ናሙና ደግሞ ከድርቆሽ እንደማይሻል ነገረኝ። መለያው ላይ የሚጻፈውንም ዘረዘረልኝ፤ ቦታው፣ የቦታው ከፍታ፣ በአካባቢው ምን እንደበቀለ፣ የአበባው ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠፋ ትኩስ ሳለ የነበረው ቀለም፣ ያገሬው ስም፣ የሰበሰበው ሰውና ቀኑ።

መለያውን ለመጻፍ ስቀመጥ ዘለላዋ ላይ የቀረውን ደረቅ ዋንጫ በነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኩት። ሦስት ማእዘን ያላቸው፣ ጥቁር ቡናማ፣ ከሰናፍጭ የሚተልቁ ፍሬዎች ወጡ፤ ከአንዱ ዋንጫ አራት። 7ኛው የጻፈው ለአራት የተከፈለ የዘር ማኅደር ይኸው ነው። በመለያው ላይ «ሊዮኖቲስ ኦሲሚፎሊያ» ብዬ ጻፍኩ። ያገሬው ስም በሚለው ቦታ ላይ «ራስ ክምር፣ መንዝ፤ የፈረስ ዘንግ፣ ጎጃም» አልኩ። ቀለሙን ብርቱካንማ፣ ቦታውን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ካብ ሥር አልኩ። ረቂቁን በ32ኛው ምላሽ ለሁሉም አሳየሁ።

33ኛዋ የካሊፎርኒያዋ ናት፤ ቀኑን እንደረሳሁት አመለከተች። ስልኬን ከፍቼ ፎቶግራፉ የተነሣበትን ቀን ፈለግኩና ጥቅምት 14 ብዬ ሞላሁ። 34ኛው ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠየቀ።